ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ እኔና ልጄ ግን አንነጋገርም

የአንዲት_ልጅ_እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ትልቁ፣ የመጨረሻው ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ማታ የተጣላነው በአንዲት ጥያቄ ነው። "ስንት ምዕራፍ ቀረሽ?" አልኳት። እንዲሁ፣ በሰላም። ደብተሯን ጠረቀመችው፣ "እማዬ በናትሽ ውጪልኝ" አለችና በሩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው "እሺ" እና "አይ" ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ የትናንቱ የመጀመሪያው አይደለም። ፍራፍሬ ቆራርጬ በየሰዓቱ ይዤላት እገባለሁ። ሰበቡ ፍራፍሬው ነው፣ ዓላማው ግን እያጠናች መሆኗን ማየት ነው፣ እሷም ይህንን ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቁጭ ብዬ በአራት ዓይነት ቀለም የጥናት ፕሮግራም ሠርቼ ግድግዳዋ ላይ ለጠፍኩላት። ጠዋት ስገባ ወረቀቱ ተገልብጧል። ቀለሙ ወደ ግድግዳው፣ ባዶው ጀርባ ወደ እኔ። አልቀደደችውም እኮ፣ ገለበጠችው። ያሳቀኝም ያስለቀሰኝም እሱ ነው።

እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራቷ አይጠፋም። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ትነሳለች። ይህን ሁሉ አጥንታ ግን ለጓደኛዋ "ሁሉም ነገር ይጠፋብኛል" ስትል ሰምቻታለሁ። (አዎ፣ በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። አትፍረዱብኝ።)

አባቷ "ተያት፣ ትልቅ ልጅ ናት" ይላል። ለእኔ የሱ "ተያት" ግድየለሽነት ይመስለኛል፣ ለሱ ደግሞ የእኔ ጭንቀት በሽታ ይመስለዋል። ልተዋት ወይስ ልጫናት? ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

---

ሦስቱንም_ያስፈተነች

እህቴ፣ "ስንት ቀረሽ" የሚለው ጥያቄ እኛ ቤት የተከለከለ ነው። ቀልዴን አይደለም።

ሦስት ልጆች አስፈትኛለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ልክ እንዳንቺ ነበርኩ፣ እንዲያውም እብስ ነበር፣ እኔ በር ላይ መቆም ብቻ ሳይሆን በቁልፍ ቀዳዳ አይ ነበር። በሁለተኛው ደከመኝ። በሦስተኛው ተውኩት። የሚገርመው ሦስቱም ተቀራራቢ ውጤት ነው ያመጡት። የመጀመሪያው ልጄ ግን እስከ ዛሬ ያ ዓመት ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጣል።

---

ጠመኔ

ለ22 ዓመት አስተምሬያለሁ። መጫንና መተው ከሚለው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ በእጇ ምን ታደርጋለች? ታነባለች? ታሰምራለች? ትጽፋለች? ጥያቄ ትሠራለች?

ይህን የምጠይቅሽ "ሁሉም ነገር ይጠፋብኛል" ስላለች ነው። አብዛኛው ተማሪ ማጥናት የሚለው ደጋግሞ ማንበብን ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነበው ቃላቱ ዓይኑን ስለለመዱት ያወቀው ይመስለዋል። መልመድና ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ፈተና ላይ መጽሐፉ ዝግ ነው። ስለዚህ መለማመድ ያለበት በተዘጋ መጽሐፍ ነው።

ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሥራ አለ። ተማሪዎችን አንድ አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አጠናው። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አጠናና ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያነበቡት 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ልብ በሉ፣ የ5 ደቂቃው ውጤት ነው ልጆቻችንን የሚያታልላቸው። ማታ አንብበው ሲጨርሱ "ገብቶኛል" ብለው ይተኛሉ፣ እውነታቸውንም ነው፣ ለዚያች ደቂቃ ገብቷቸዋል።

እንግዲህ አንቺ "ስንት ምዕራፍ ቀረሽ" ስትያት የምትለኪው ገጽ ነው። ልጅ ደግሞ ወላጁ የሚለካውን ነው የሚያመርተው። ሰዓት ከቆጠርሽ ሰዓት ትሰጥሻለች፣ ምዕራፍ ከቆጠርሽ ምዕራፍ ትሰጥሻለች። በክፋት አይደለም። እስኪ በቢጫ ሃይላይተር ያሰመረችበት ገጽ ካለ ተመልከቺ።

---

ጥብቅ_አባት

እኔ ከብዙዎቻችሁ ጋር አልስማማም፣ ይቅርታ። ልጅን ዝም ማለት ፍቅር አይደለም። ችግሩ ስልክ ነው፣ በቃ። የ16 ዓመት ልጄ ፈተና ሲደርስ ስልኩን ወስጄ ቆለፍኩበት። ሁለት ቀን አኮረፈ፣ በሦስተኛው ቀን አጠና። ውጤቱም ከፍ አለ። እናንተ ጥናት ትጠቅሳላችሁ፣ እኔ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስልኳን ውሰጂ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ መብራት የሚበራው ለመጽሐፍ ነው ብለሽ ታምኛለሽ?

---

ገና_ተማሪ

ታላላቆቼ ስለገባሁባችሁ ይቅርታ፣ እኔ ራሴ የዘንድሮ ተፈታኝ ነኝ። አሁን ማጥናት ነበረብኝ፣ እሱን አትንገሩኝ።

"ስንት ቀረህ?" ስባል የምሰማው ጥያቄውን አይደለም። "አላመንኩህም" የሚል ነው የሚሰማኝ። ስንት እንደቀረኝ እኮ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ሌሊት የሚያባንነኝ እሱ ነው። ያንን ቁጥር ጮክ ብዬ መናገር ሆዴን ያመኛል። ስለዚህ ወይ እዋሻለሁ ወይ እቆጣለሁ። መዋሸት ስለማልወድ እቆጣለሁ።

ስለ ስልኩ ደግሞ፣ @ጥብቅ_አባት ጋሼ አይቆጡኝና፣ ግማሹ እውነትዎን ነው። ቲክቶክ ከከፈትኩ "አንድ ደቂቃ" ያልኩት አርባ ደቂቃ ይሆናል። ግን የጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕም እዚያው ነው፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄ የምንላላከው፣ ያልገባኝን የምጠይቀው። ስልኬ ሲወሰድ ከጓደኞቼ ጋር ነው የተቆራረጥኩት፣ እና ያን ሳምንት ያጠናሁት በንዴት ነው። አጠናሁ አይባልም። ደብተሩ ላይ አፍጥጬ በልቤ ከአባቴ ጋር ስከራከር ነበር።

የሠራልኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስልኩን ራሴ ሳሎን አስቀምጣለሁ፣ 25 ደቂቃ አጠናለሁ፣ 5 ደቂቃ እወጣና አያለሁ። አራት ዙር ከሠራሁ በኋላ ረዘም ያለ ዕረፍት እወስዳለሁ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እናቴ የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ከመጣሁ ትስቅብኛለች። አትቆጣም፣ ትስቃለች። እሱ ይብሳል።

---

ጥብቅ_አባት

@ገና_ተማሪ "ስልኩ ለጥናት ነው" የሚለውን ዘፈን አውቀዋለሁ፣ ልጄም በቃሉ ይዘፍነዋል። ግን "በልቤ ከአባቴ ጋር ስከራከር ነበር" ያልከው ነገር... እሺ። እሱን አስብበታለሁ። ሂድ አጥና።

---

ደግ_ቀን

የእኔ ልጅ ማንም ሳይነግራት ተነስታ ታጠናለች፣ ሁሌም ከክፍሏ አንደኛ ናት። ከሕፃንነት ማስለመድ ነው ዋናው።

---

ሦስቱንም_ያስፈተነች

@ደግ_ቀን እንኳን ደስ ያለሽ። ምን እናድርግላት?

---

የአንዲት_ልጅ_እናት

ሳቄን ማቆም አቃተኝ። አመሰግናለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ አልሳቅኩም ነበር።

@ጠመኔ ትምህርት ቤት እያለች ገብቼ ደብተሯን አየሁ። (አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሁለተኛ አልገባም።) መምህር፣ ገጹ ሁሉ ቢጫ ነው። ያልተሰመረ መስመር ፈልጌ አጣሁ። የባዮሎጂው ደብተር የሱፍ አበባ ማሳ ይመስላል። ጥያቄ የሠራችበት ወረቀት ግን አላገኘሁም። እና አሁን ይህን እንዴት ነው የምነግራት? "ያጠናሽው ሁሉ ትክክል አይደለም" ልላት ነው? በሦስት ሳምንት ውስጥ?

ሌላው፣ ሌሊቱን እስከ ስምንት መቆየቷስ? ተኚ ስላት "ከተኛሁ እወድቃለሁ" ትላለች።

---

የሌሊት_ተረኛ

የእንቅልፉን ለእኔ ተዉልኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ሌሊት መሥራት ሰውን ምን እንደሚያደርገው በራሴ አይቻለሁ።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ለልጅሽ እንቅልፍን ዕረፍት አድርገሽ አትንገሪያት፣ ዕረፍት የስንፍና ዘመድ ይመስላቸዋል። የጥናቱ ክፍል ነው በያት። ቀን የተማርነውን አንጎላችን በደንብ የሚያስቀምጠው ስንተኛ ነው። ሌሊቱን ሲቸክል ያደረ ልጅ የሰበሰበውን እህል ጎተራ ሳያስገባ ሜዳ ላይ እንደተወው ገበሬ ነው።

ግን ደግሞ በማታ ሦስት ሰዓት ተኚ ብትያት አትተኛም፣ አትፍረጂባት። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደኋላ ይገፋል። እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ከትልልቆቹም ከትንንሾቹም ዘግይቶ ነው የሚመጣላቸው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ከስምንት ወደ አራት ሰዓት አታወርጃትም። በየሁለት በሦስት ቀኑ ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ እያሉ መሳብ ነው። ጠዋት መጋረጃውን ክፈቺላት፣ የጠዋት ብርሃን ያንን ሰዓት ወደፊት ይጎትተዋል። አራት ሰዓት ባትደርስም በሦስት ሳምንት ብዙ ትቀርባለች። ፈተናው ጠዋት ከሆነ ደግሞ አንጎሏ ጠዋት መንቃት መልመድ አለበት እኮ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማንም አይፈትናትም።

እና ምን ትጠጣለች? ቡና? እነዚያ የኃይል ሰጪ የሚባሉ ጣሳዎች? ካፌይን በአዋቂ ሰው ውስጥ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ ሦስት ሰዓት የጠጣችው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግማሹ አብሯት ቁጭ ብሏል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለልጆችና ለወጣቶች ያስቀመጠው መጠን በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊግራም ነው። 50 ኪሎ ለሆነች ልጅ 150 ሚሊግራም ማለት ነው። አንድ ትልቅ፣ የ500 ሚሊ ሊትር የኃይል መጠጥ ብዙውን ጊዜ 160 ገደማ አለው። አንድ ጣሳ ብቻውን አለፈው። ልብ ሲመታ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ልጁ "ፈራሁ" ብሎ ይተረጉመዋል። ግማሹ ፍርሃት ከጣሳው ነው የመጣው።

---

ጠመኔ

@የአንዲት_ልጅ_እናት "ትክክል አይደለም" አትበያት። ያነበበችው አልጠፋም፣ መሠረት ነው። የቀረው ማውጣት ነው።

እንዲህ አድርጊ። ዛሬ አይደለም፣ ስትታረቁ። "እስኪ ልጠይቅሽ፣ መልሱን እኔ አላውቀውም፣ አንቺ አስረጂኝ" በያት። ያለፈ ዓመት ፈተና ወይም ከምዕራፉ መጨረሻ ያለውን ጥያቄ ያዢ። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እሷ ትመልሳለች። ወላጅ ትምህርቱን ማወቅ የለበትም፣ እንዲያውም አለማወቁ ይሻላል። ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባዱ ፈተና ነው። ሲያቅታት ፊትሽን ጠብቂ። "ይህማ እንዴት ይጠፋሻል" ካልሽ አለቀ፣ ሁለተኛ አትጠራሽም።

ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ባዶ ወረቀት። አንድ ርዕስ አንብባ መጽሐፉን ትዝጋ፣ የምታስታውሰውን ሁሉ ትጻፍ፣ ከዚያ ትክፈትና የጎደለውን በሌላ ቀለም ትሙላ። ያ ሌላ ቀለም ነው ነገ የምታጠናው። ሙሉ ምዕራፉን አይደለም። መጀመሪያ ላይ በጣም ያስጠላል፣ ምክንያቱም ምን ያህል እንደማታውቅ ፊት ለፊት ታያለች። ሁለት ሦስት ቀን ታማርራለች። እወቂው።

ደግሞ አንድን ትምህርት ሙሉ ቀን ከመቸከል፣ ዛሬ ትንሽ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ትንሽ፣ ከሳምንት በኋላ ትንሽ ይሻላል። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን ራሱ እየሸመደደ፣ ስንቱ እንደሚጠፋበት ሲለካ የጻፈው ነው። አብዛኛው የሚጠፋው መጀመሪያ ላይ ነው። ሊጠፋ ሲል መመለስ ነው ዘዴው።

---

ድርግም_ያለበት

እኔ ወላጅ አይደለሁም፣ 26 ዓመቴ ነው። ግን ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ ወረቀቱን ገለጥኩ፣ ድርግም አለብኝ። ስሜን መጻፍ አቃተኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጣሪያ አየሁ። ማታውኑ በቃሌ የወጣሁት ነበር እኮ።

ከሁለተኛው ፈተና በፊት አንድ መምህሬ (ስሙን አልጠራም፣ ግን እዚህ ካለህ አመሰግናለሁ) ወረቀት ሰጠኝና "የሚያስፈራህን ሁሉ 10 ደቂቃ ጻፍ፣ ከዚያ ጣለው" አለኝ። ሞኝነት መሰለኝ። ጻፍኩ። "ከወደቅኩ እናቴ ምን ትላለች" የሚለውን ሰባት ጊዜ ጽፌ አገኘሁት። ሰባት ጊዜ! ስለ ፊዚክሱ አንድ መስመር የለም። በኋላ ሳነብ ራሚሬዝና ቤይሎክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንኑ በጭንቀታም ተማሪዎች ላይ ሞክረው ውጤት እንዳገኙበት አየሁ። ለሁሉም ይሠራል አልልም። ለእኔ ግን ምኑን እንደምፈራ አሳየኝ። ፈተናውን አልነበረም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ምንም አላለችም። ምክር አልሰጠችም። "ብትወድቅ እበሳጫለሁ፣ አንድ ሳምንት እበሳጫለሁ፣ ከዚያ ይወጣልኛል" አለች። "ምንም አይደለም" ብትለኝ አላምናትም ነበር። "አንድ ሳምንት" ስትል አመንኳት። አንድ ሳምንት የሚቻል ነገር ነው።

---

ገና_ተማሪ

@ድርግም_ያለበት ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። "እኔ ሦስት ቀን" አለች።

---

ብዬህ_ነበር

ስሜን ያየ ሰው ይገባዋል። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም።

ልጄ ወድቋል። ዓመቱን ሙሉ ከኋላው ነበርኩ። አስጠኚ ቀጠርኩ፣ የጓደኞቹን ስም ዝርዝር ይዤ ማን ይምጣ ማን ይቅር ወሰንኩ፣ እግር ኳሱን አስቆምኩ። ኳሱን ማስቆሜ ትልቁ ስህተቴ ነው ብዬ አሁን አስባለሁ፣ ምክንያቱም የሚተነፍስበት እሱ ብቻ ነበር። እና ውጤቱ የወጣ ዕለት ስልኩን እያየ ሳሎን መሃል ቆሞ፣ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ያኔ "ብዬህ ነበር" አልኩት።

ሁለት ቃል ነው። እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

በዓመቱ ደገመና አለፈ። ጥሩ ውጤት። ግን ያኔ ውጤቱን አይቶ መጀመሪያ የደወለው ለአክስቱ ነው። እኔ የሰማሁት ከእሷ ነው፣ "እንኳን ደስ አለህ" ብላ ስትደውልልኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና መኪና ውስጥ ብዙ ቆየሁ።

@የአንዲት_ልጅ_እናት የውጤቱ ቀን ምን እንደምትያት ከአሁኑ አስቢበት። ካለፈች ቀላል ነው። ካላለፈች የምትያትን ዓረፍተ ነገር አዘጋጂ፣ ብትፈልጊ ጻፊው፣ መስታወት ፊት ቆመሽ በይው። ሰው ድንገት ሲደነግጥ አፉ ላይ የሚመጣው የለመደው ነው። እኔ የለመድኩት ያንን ነበር።

---

ጥብቅ_አባት

ወንድሜ። አነበብኩት። ሁለት ጊዜ።

---

የተማሪዎች_አማካሪ

ትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። እዚህ የተባለው ሁሉ ለተለመደ የፈተና ጭንቀት ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ሳይባል እንዳይቀር።

ማኩረፍ፣ መነጫነጭ፣ በር መዝጋት፣ ይህ የወቅቱ ነው። ሳምንታት ሙሉ በደንብ ካልበላች፣ ጭራሽ ካልተኛች ወይም ከአልጋ መነሳት ካቃታት፣ ጓደኞቿን ሁሉ ከራቀች፣ የምትወደውን ነገር ስታገኘው እንኳ ምንም ካልመሰላት፣ ወይም "እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር" ዓይነት ነገር በቀልድም ቢሆን ካመለጣት፣ እሱ የፈተና ነገር ብቻ አይደለም። ያኔ በቀጥታ ጠይቋት። "ራስሽን ለመጉዳት፣ ለመሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?" ብላችሁ። ወላጆች ይህን ቃል ካነሳን ሐሳቡን እንሰጣታለን ብለው ይፈራሉ። አይደለም። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፣ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው እፎይታ ነው፣ ብቻዋን ተሸክማው የነበረውን ሰው ስለተጋራት። "አዎ" ካለች ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ፈተናው ሊጠብቅ ይችላል።

ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ አትደርሱም። ለደረሰ ሰው ነው የጻፍኩት።

---

የአንዲት_ልጅ_እናት

ስምንት ቀን ሆኖኛል፣ ላወራችሁ መጣሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት። ለፍራፍሬው። "ፍራፍሬው ሰላይ ነበር" አልኳት። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለችና "አውቃለሁ፣ ፓፓያው ነው ዋናው" አለች። ሳቅን። ስለ በሩ ላይ ማዳመጤ አልነገርኳትም፣ ሁሉም በአንዴ አይሆንም።

ከዚያ @ጠመኔ እንዳልከው ጥያቄ ላንብብልሽ አልኳት። አልፈለገችም። በሁለተኛው ቀን ማታ ራሷ ወረቀት ይዛ ወጥ ቤት መጣች፣ እኔ ዕቃ እያጠብኩ። "ይህን አንብቢልኝ" አለች። ኬሚስትሪ ነው። ቃሉን ማንበብ አቃተኝ፣ ሦስት ጊዜ አፌ ላይ ተሰባበረ። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ አስረዳችኝ። ግማሽ ላይ ቆመች። "ቆይ፣ ይህን አላውቀውም" አለች። ልቤ ዱብ አለ፣ ፊቴን ግን ጠበቅኩ። ሳህኑን ማጠብ ቀጠልኩ። ሮጣ ሄዳ አይታ ተመለሰች፣ "በቃ ገባኝ" አለች። አሁን በየማታው ዕቃ ማጠቢያው ጋ ነን። የማይታጠብ ዕቃ እንኳ አጥባለሁ።

እንቅልፉ ሰባት ሰዓት ላይ ደርሷል። ወደ ስድስት ልናወርደው ነው። አባቷ ደግሞ በሙሉ ልቡ "አላልኩሽም?" እያለ ይዞራል። ለሱም መስታወት ፊት የሚለማመደው ዓረፍተ ነገር ፈልጌለታለሁ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ዕለቱ ነው። ጠዋቱን ምን ላድርግ?

---

ሦስቱንም_ያስፈተነች

ማታውን መታወቂያ፣ የመፈተኛ ካርድ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ የተፈቀደ ከሆነ ካልኩሌተር፣ ውሃ፣ ሁሉም በአንድ ቦርሳ። እሷ ታስገባ፣ አንቺ ተመልከቺ። ሥራሽ ይኸው ነው። አዲስ ምግብ አትሞክሪባት፣ የለመደችውን ቁርስ። መንገዱን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁት አንድ ቀን ሂዱና እዩት። ጠዋት ምክር የለም። "ተረጋጊ" የሚለው ቃል ማንንም አረጋግቶ አያውቅም።

ስትወጣ "እንዴት ነበር?" አትበያት። ከጓደኞቿ ጋር መልስ ማመሳከርም ቢቀር ጥሩ ነው፣ የተሠራው ተሠርቷል፣ የሚቀጥለውን ፈተና ነው የሚያበላሸው። ይህን ግን አንቺ አትከለክያትም፣ እሷ ናት የምትወስነው።

---

ጥብቅ_አባት

በነገራችን ላይ የስልኩን ቁልፍ ለልጄ ሰጠሁት። ሳሎን አስቀምጦ ነው የሚያጠናው። ሰዓቱ ሳይደርስ ሲመጣ ለመሳቅ ሞከርኩ። ሳቄ አስፈራው መሰለኝ፣ ሮጦ ተመለሰ። ልምምድ ያስፈልገኛል።

---

የአንዲት_ልጅ_እናት

ዛሬ የመጀመሪያው ነበር።

በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። የሌሎቹ ወላጆች "ከበደ ወይ? ስንት ጥያቄ ነበር?" ሲሉ ይሰማኛል፣ የእኔም ምላስ ያሳክከኛል። ወጣች። ፊቷን አነበብኩት፣ ምንም አልገባኝም። "ራበሽ?" አልኳት። "በጣም" አለች። መኪና ውስጥ ገባን። ግማሽ መንገድ ላይ፣ እኔ ምንም ሳልል፣ "እማዬ፣ ያ ዕቃ ማጠቢያው ጋ የተሰባበረብሽ ቃል መጣ እኮ" አለች። "እና?" አልኳት፣ አመለጠኝ። "እና ሳቅኩ፣ ፈታኟ አፈጠጠችብኝ" አለች።

ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም። አሁን ተኝታለች፣ በቀን። ከሁለት ቀን በኋላ ፊዚክስ ነው።

---

ጠመኔ

ጥሩ ተኝታለች። ስትነሳ የፊዚክሱን ያለፈ ፈተና፣ ሰዓት ይዛ ትሥራው። አንድ ብቻ።

---

ገና_ተማሪ

እኔ ነገ ሒሳብ አለኝ። ሄድኩ፣ ልተኛ ነው።